የብረቱ ቆዳ

ሱክራምን ያወጡት ከውሃው ሳይሆን ከሸንኮራ አገዳው ውስጥ ነው። የጭነት መኪናው ከድልድዩ ወጥቶ ወንዙ ዳር በጎኑ ሲተኛ፣ ጭነቱ በሙሉ ጋቢናው ላይ ተዘረገፈ። ኢንስፔክተር ማካሬታ ከታቩአ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ፀሐይ ገና ብቅ ማለቷ ነበር፤ ሆኖም ሰው ቀድሟታል። ሟቹ ሣር ላይ ተጋድሟል፣ ፊቱ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኗል፣ እጆቹ ደረቱ ላይ በወግ ተጣጥፈዋል። ይህን ያደረጉት ሰዎች ግን በአካባቢው የሉም። ከሸንኮራውም ጥቂት የማይባል አብሯቸው ሄዷል።

ረዳቷ ቲሞቺ፣ ያን የሚያህል ሰውነቱን ከመኪናው ሥር አስገብቶ ቆየና ብቅ አለ። እንደ ቁም ሳጥን የሰፋ ጎልማሳ ነው፤ እሑድ እሑድ ኳስ ሲጫወት ሦስት ሰው ተንጠልጥሎበት ይሮጣል።

“አለቃ፣ ይምጡ ይዩት። ይሄ አደጋ አይደለም።”

የፊተኛው የግራ ጎማ ባሌስትራ ነበር። ተደራርበው ከታሠሩት ብረቶች ረጅሙና የላይኛው ለሁለት ተሰብሯል። እሱ ሲሰበር ጎማው ወደ ኋላ ሸሽቶ መኪናውን ወደ ግራ ጎትቶታል፤ ብረቱም ወደ ጋቢናው ተቆልምሞ የሹፌሩን እግር ይዟል። ቲሞቺ ያሳያት ግን ሌላ ነገር ነው። ከስብራቱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ በብረቱ ጀርባ ላይ የመጋዝ ጭረት አለ፤ እንደ ዓሣ ሆድ ያብረቀርቃል።

ወሬ በታቩአ ከመኪና ይፈጥናል። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ከተማው ሁሉ ገዳዩን አውቆት ነበር። ቢርጁ ነው፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም። መኪናዋ ከአባታቸው የቀረች ነች። ሱክራም ይነዳል፣ ቢርጁ ግን ገጀራ ይዞ አገዳ ይቆርጣል። በዚህ ተጣልተው፣ የስኳር ፋብሪካው በር ላይ መኪኖች ተሰልፈው ተራ በሚጠብቁበት፣ ሹፌር ሁሉ እየሰማ፣ ቢርጁ ታላቁን “ይቺ መኪና አንድ ቀን የሬሳ ሳጥንህ ትሆናለች” ብሎታል። ይህም አልበቃ ብሎ፣ በአደጋው ዋዜማ አመሻሹ ላይ ቢርጁ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ መፍቻ ሲያዞር ጎረቤት አይቶታል። ከሰዓት በኋላ ቢርጁ እስር ቤት ገባ።

በዚያው ከሰዓት እናትየው ራምዋንቲ ወደ ጣቢያው መጡ። እንደ ወጋቸው የሐዘን ነጭ ለብሰዋል። አላለቀሱም፣ አልተቀመጡምም፤ የማካሬታን ጠረጴዛ ጫፍ ይዘው ቆሙ።

“ልጄ፣ ሱክራም ወንድ ልጅ አልወለደም” አሏት። “እኛ ዘንድ ሬሳ ይቃጠላል፤ እሳቱን የሚለኩሰው እንግዲህ ወንድሙ ነው። ቢርጁ ገድሎት ከሆነ እጁ አይንካው፤ እኔም ዓይኑን አላይም። ካልገደለው ግን ልጄን እሱ ነው የሚሸኝልኝ። እስክትነግሪኝ ድረስ ሬሳው ከሆስፒታሉ አይወጣም።”

ማካሬታ ምንም ቃል አልገባችላቸውም። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይታለች፤ ቃል መግባት የሚወዱ ፖሊሶችን ታውቃለች። እስከ በሩ ድረስ ግን ሸኘቻቸው፤ የሴትዮዋ ክርን በእጇ ላይ እንደ ወፍ አጥንት ቀለላት።

ቢርጁ ብዙ የሚናገር ልጅ አልነበረም። ተጣልተን ነበር፣ ታርቀናል አለ። የት ታረቃችሁ ብትለው፣ ከሳምንታት በፊት ባሌስትራው ረግቦ ለማሳደስ ብረት ቀጥቃጩ አባባ ኢሲኬሊ ምድጃ ቤት የወሰድነው ቀን አለ። ቢርጁ ያንጎና የሚባለውን የእርቅ መጠጥ ሥር ገዝቶ ሄደ፣ ሽማግሌው መሃል ተቀመጡላቸው፣ ሥሩ ተወቅጦ ተጨመቀ፣ በኮኮናቱ ቅል እየተቀዳ ሦስቱም ጠጡ፣ ሱክራም ይቅርታ ጠየቀው።

“ማን አየ?”

“ማንም። ሱክራም ነው ለሰው አትንገር ያለኝ። ታላቅ ታናሹን ይቅር በለኝ ሲል ሰው እንዲያየው አልፈለገም።”

“ከመኪናው ሥርስ ምን ትሠራ ነበር?”

ወንድሙ ባለፉት ቀናት መኪናዋ ስትታጠፍ ጢቅ የሚል ድምፅ ሰምቶ፣ እስቲ እየልኝ ብሎት ነው። አየ፤ ምንም አላገኘም፤ ግራሶ ቀብቶ ወጣ። “ሰምቶት ነበር፣ እትዬ። እኔ ነኝ ያላየሁለት።”

እንግዲህ የልጁ ነገር በሙሉ በአንድ ሽማግሌ ምላስ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ኢሲኬሊን የማያውቅ ሹፌር በዚያ አገር የለም። በወጣትነታቸው የስኳር ፋብሪካው ብረታ ብረት ክፍል ውስጥ ሠርተዋል፤ አሁን መንገድ ዳር በቆርቆሮ ቤታቸው የወረዳውን ባሌስትራ ሁሉ ያድሳሉ። ማካሬታ ስትገባ የታደሱት ብረቶች ከጣሪያው ተንጠልጥለው ነበር፤ ዘይት ብቻ የተቀቡ፣ ራቁታቸውን የሚያበሩ። ሽማግሌው ከምድጃው ዘወር ሳይሉ መለሱላት። ሱክራም ብቻውን መጣ፣ ብቻውን ወሰደ። ቢርጁን አላየሁም። ያንጎና የሚባል ነገር አልተጠጣም።

እርግጠኛ ነዎት ወይ ስትላቸው፣ “ልጄ፣ እኔ የማየው እሳቴን ነው” አሏት።

ስትወጣ አንድ ነገር ቆረቆራት። እንግዳ መጥቶ ያንጎና ቅመሺ አላሏትም። ያንጎና የሚቀላቀልበት የእንጨት ገበታ ግድግዳው ላይ ፊቱን አዙሮ ተሰቅሏል፤ ጀርባው ላይ አቧራ ተኝቶበታል። በዚያ አገር የእኚህን ሽማግሌ ገበታ ደርቆ ያየ ሰው የለም። ታመው ይሆናል አለች በልቧ። ወይም ሰባኪ አግኝቷቸው ትተውት ይሆናል።

ቲሞቺ በበኩሉ ሌላ ተጠርጣሪ ይዞ መጣ፤ ጋፉር የሚባል ሹፌር። ሱክራም ሰልፍ ላይ ተራውን ቀምቶት፣ ጋፉር አሳይሃለሁ ብሎ ዝቶበት ነበር። ማካሬታ ራሷ ፋብሪካው በር ሄዳ ጠየቀች። ጋፉር በዚያ ሌሊት ከሰልፉ አልወጣም፤ ምስክሩም መዓት ነው። ሹፌሮቹ ሁሉ በማንኮራፋቱ አማረሩላት። አንዱማ፣ እባክሽ እሠሪልንና አንድ ሌሊት እንተኛ አላት።

የበላይ አለቃዋ ከላውቶካ ደወሉ። መጋዝ አለ፣ ዛቻ አለ፣ ከመኪናው ሥር የታየ ሰው አለ፤ ምን ትጠብቂያለሽ አሏት። እስከ ዓርብ ክሱ ይጻፍ አሉ።

ማካሬታ ስልኩን ዘግታ ወደ ጣቢያው ግቢ ወጣች። የተሰበረው ብረት ማንጎ ዛፍ ሥር ጨርቅ ላይ ተኝቷል። አነሣችው፤ ይከብዳል። እስከዚያች ሰዓት ሁሉም ሰው፣ እሷም ጭምር፣ ያየው የመጋዙን ጭረት ነበር። አሁን የተሰበረውን ፊት ወደ ብርሃን አዞረችው፤ ከዚያም እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ፊቱ ሁለት መልክ አለው። ከፊሉ ግራጫና ሻካራ ነው፤ ትናንት የተሰበረ ድንጋይ ይመስላል። የቀረው ግን ለስላሳና ጠየም ያለ ነው፤ በላዩም ከአንድ ጠርዝ ተነሥተው እየሰፉ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ አንዱ ከሌላው ኋላ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ። ባህሩ ሲመለስ አሸዋው ላይ የሚተወው መስመር ልክ እንደዚህ ነው። ያደገችው ባህር ዳር ነው፤ እንዲህ ያለውን መስመር በእግሯ እየተከተለች ዛጎል ለቅማለች። ብረት ውስጥ ግን አይታ አታውቅም። ባህሩ በየት ገባ አለች በልቧ።

“ቲሞቺ፣ አንተ ይህን ብረት በመጋዝ ብታዳክመው የት ይሰበራል?”

“የመጋዝኩት ቦታ ነዋ።”

“ይሄ ለምን አንድ ስንዝር አልፎ ተሰበረ?”

“ብረቱ አድራሻ ተሳስቶ ይሆናል” አለ ቲሞቺ። ስትስቅ ደስ አለው፤ ሰሞኑን አልሳቀችም ነበር።

ከዚያ፣ አደጋው ቦታ ከእነሱ ቀድሞ የደረሰውን ሰው ፍለጋ ወጡ። ሩቅ አልሄዱም። ከድልድዩ ወደ ላይ ባለው መንደር ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ሸንኮራ ይዞ ሲያኝክ አገኙ። ቬሬቲ የሚባለው የመንደሩ ሰው ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ማካሬታን በእናቷ በኩል ይዛመዳታል፤ ስለዚህ እንደ ልቡ ይቀልዳል።

“እህቴ፣ አገዳው በወንዙ ተንሳፍፎ የመጣ ነው። እግዜር ነው የላከልን።”

“ወንዙ ከመቼ ጀምሮ ነው ወደ ላይ የሚፈሰው?”

“እኛ መንደር አንዳንዴ ይፈሳል።”

“መጋዙንስ እግዜር ነው የላከው?”

ቬሬቲ ሸንኮራውን አስቀመጠ። ደብቀውት የነበረውን ነገር እንዲህ ብሎ ነገራት። ድምፁን ሰምተው ሲሮጡ ሰውየው ገና ይተነፍስ ነበር። እግሩን ብረቱ ይዞታል። ቬሬቲ ከቤቱ የብረት መጋዝ አምጥቶ መቁረጥ ጀመረ።

“ሲጀምር እንደ ካሳቫ ገባልኝ” አላት። “ደስ አለኝ። አይዞህ ወንድሜ፣ ትወጣለህ አልኩት። ከዚያ ብረቱ እምቢ አለ። መጋዙ መንሸራተት ጀመረ፣ ጥርሱ ረገፈ። ግንድ አምጥተን ፈልቅቀን ስናወጣው አልቆ ነበር። አገዳውን ከወሰድን በኋላ እንዴት አድርገን እንምጣ? ከሬሳ ላይ ሰረቁ ሊባል ነው።”

ማካሬታ አልተቆጣችውም። በመንገድ ላይ ግን ደጋግማ የምታስበው ስለ ሸንኮራው አልነበረም። ያው ብረት፣ ያው መጋዝ፣ ያው ክንድ። ላዩ እንደ ካሳቫ፣ ውስጡ እንደ አለት። እንዴት?

ጣቢያው ግቢ ተመልሳ ሞረድ አስመጣች። ብረቱ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙን ፋቀችና ሞረደች። ሞረዱ ነከሰ፤ ለስላሳ ብናኝ ጉልበቷ ላይ ወረደ። ሞረደች፣ ሞረደች፤ የአውራ ጣት ጥፍር ውፍረት ያህል እንኳ ሳትወርድ ሞረዱ ድንገት ተንሸራተተና ጥርት ያለ ድምፅ አሰማ። እንደገና ብትሞክር ያው ነው። ቲሞቺ ያን ክንዱን ይዞ ቢመጣም ብረቱ ዘፈነበት።

በማግሥቱ ብረቱን ጭና ላውቶካ ሄደች። እዚያ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ብረታ ብረት የምታስተምር ካማላ የምትባል ሴት አለች። ካማላ በአንድ እጇ የተጠቀለለ የሮቲ ቂጣ እየበላች፣ በሌላው ከብረቱ የተቆረጠችውን ቁራጭ እንደ መስተዋት እስክታበራ ወለወለች፤ አሲድ ጠብ አደረገችባትና ማጉያ መነጽሩ ሥር አስገባቻት። ራሷ አየች። ሮቲውን አስቀመጠች። ከዚያ ወንበሩን ለማካሬታ ለቀቀች።

መሃሉ ጠቆር ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ልክ ረቂቅ መርፌዎች ተጨናንቀው የተኙበት። ዳር ዳሩን ግን ነጭ ጥለት ይዞራል።

“ያ ነጩ ምንድነው?”

“የተራበ ብረት ነው” አለች ካማላ። ባሌስትራ የሚሠራበት የአረብ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው በውስጡ ከተቀመጠ ጥቂት ካርቦን ነው፤ ከሰል ማለት ነው፣ አለቻት። ብረቱ ደማቅ እሳት ውስጥ ብዙ ከቆየ አየሩ ያንን ከሰል ከቆዳው ላይ እየላሰ ይወስደዋል። ውስጡ እንዳለ ይቀራል፤ ቆዳው ግን በቀላሉ እንደሚታጠፍ ሚስማር ይለሰልሳል። ባሌስትራ ደግሞ ሲተጣጠፍ መከራውን የሚያየው ቆዳው ነው፤ መሃሉ ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቆዳው በአንድ ቦታ ስንጥቅ ይላል፤ ከፀጉር የቀጠነች። ከዚያ በየጉድጓዱ፣ በየጭነቱ ትንሽ ትንሽ ትገባለች።

“መስመሮቹ እነሱ ናቸው?”

“እነሱ ናቸው። እያረፈች የሄደችባቸው ቦታዎች። ይሄ የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም፤ የሳምንታት ነው። ይልቅ እኔን የገረመኝ ቀለሙ ነው። እንዲህ የከረመ ብረት ከእሳት ሲወጣ ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይረግፋል። ሞያ ያለው ሰው አይቶ አይስተውም። ወይ ያንን ቆዳ ፍቆ ያነሣዋል፣ ወይ ይጥለዋል። ይሄን ያደሰው ሰው ግን ቀለም ቀባው።”

ማካሬታ ዓይኗን ከመነጽሩ አላነሣችም። የሱክራም የመጨረሻ ሳምንታት በሙሉ ከመዳፍ ባነሰ ፊት ላይ ተቀምጠዋል። ተጭኖ ፋብሪካ የገባበት፣ ባዶውን የተመለሰበት፣ እናቱ ደጅ አቁሞ ያደረበት። እየነዳ ይዘፍን ይሆናል፣ ከሥሩ ደግሞ ባህሩ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ የያዘው ያ ነጭ ጥለት ነው፤ ከጥፍር የማይወፍር። የሰው ሕይወት በዚህች ላይ ቆማ ትውላለች እንዴ አለች፤ ለካማላም ለራሷም አልነበረም የተናገረችው። ካማላም ስንት ዓመት አስተምራው ገና እንዳልለመደችው ከፊቷ ያስታውቃል።

ስትመለስ ገበያ ጎራ ብላ አንድ እስር የያንጎና ሥር ገዛች።

ኢሲኬሊ እሷን ሲያዩ ሥሩን አዩ፤ ሥሩን ሲያዩ ጉጠቱን አስቀመጡ። ማካሬታ እንደ አገሩ ወግ ሥሩን በሁለት እጇ ፊታቸው አኖረች። ቀጥላ የተሰበረውን ብረት መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አስቀመጠች፤ ሞረዱንም ጎኑ።

“አባባ፣ ይሞርዱልኝ።”

ሽማግሌው ሞረዱን አነሡ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ወሰድ መለስ አደረጉት፤ ብናኙ ወረደ። ብረቱ ሊዘፍን ሲል ቆሙ። ድምፁን መስማት አልፈለጉም።

“እዚህ ቤት የተሰቀለው ሁሉ ዘይት ነው የተቀባው” አለቻቸው። “ይሄን ብቻ ለምን ቀለም ቀቡት?”

ምድጃው ውስጥ ከሰሉ ተንኮሻኮሸ።

“ቢርጁ እዚህ ነበር” አሉ በመጨረሻ። “ሁለቱም ነበሩ። ብረቱ እሳት ውስጥ ገብቷል፣ እነሱ ሥሩን ይዘው መጡ። አንቺ የዚህ አገር ልጅ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ። በእርቅ መሃል የተቀመጠ ሰው ገበታው ሳይደርቅ ጀርባውን አይሰጥም። ከሰጠ ጠቡ ይመለሳል። ማራገቢያው እየነፋ፣ እሳቱ ከኋላዬ እየጮኸ፣ ሁለት ጊዜ ብድግ አልኩ። ሁለቱንም ጊዜ እጄን ይዞ አስቀመጠኝ።”

“ማን?”

“ሱክራም” አሉ። “‘አባባ ይቀመጡ፣ ብረቱ የትም አይሄድ’ አለኝ። ከወንድሙ ጋር ሲስቅ ብታዪው። እንዴት አድርጌ ልነሣ?”

ገበታው ደርቆ ብረቱን ሲያወጡት ቅርፊቱ እግራቸው ሥር ረገፈ። ያውቁታል። ግን አገዳው ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ነው፤ የፋብሪካው ተራ ደርሷል፤ የታረቁት ወንድማማቾች ትከሻ ለትከሻ ቆመው ይጠብቋቸዋል። ይህን ብረት ጣሉት ብል ደስታቸውን አበላሽባቸዋለሁ አሉ። ቀጥቅጠው መለሱት፣ ዘይት ውስጥ ነከሩት፣ እንደገና በለዘብታ አሞቁት፤ ከዚያ ዓይናቸው እንዳያየው ቀለም ቀቡት። አንድ የሸንኮራ መጭመቂያ ወቅት ይችላል ብለው ነበር።

“ታዲያ ልጁን ለምን ካዱት?”

“ነበረ ብል፣ ምን ሲሠራ ነበር ትይኛለሽ። ያንጎና ሲጠጣ። እርስዎስ? እኔም ስጠጣ። እሳቱንስ ማን ይጠብቅ ነበር?” ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ገበታ አዩ። “ከዚያ ቀን ወዲህ ገበታውን አላወረድኩትም፣ ልጄ። አልወርድልኝ አለ።”

ማካሬታ ተነሥታ የሥራ ኮታቸውን ከተንጠለጠለበት አወረደችላቸው። ጣቢያው ድረስ አብረው በእግር ሄዱ፤ እጃቸውን አልያዘችም። ቃላቸውን ራሳቸው ሰጡ። ለሐሰቱ ሕጉ የሚለውን ተቀበሉ፤ ያ የሌላ ቀን ነገር ነው።

ራምዋንቲ ቤት ስትደርስ አሮጊቷ ጓሮ ልብስ እየሰበሰቡ ነበር። ማካሬታ ስለ ብረቱ፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ ነጩ ጥለት ልትነግራቸው በመንገድ ላይ ቃል ስትመርጥ መጥታለች። እሳቸው ግን ማን ገደለው ብለው አልጠየቋትም።

“ታርቀው ነበር?” አሉ።

“ታርቀው ነበር፣ እማማ። ምስክር አለ።”

ራምዋንቲ ልብሱን ደረታቸው ላይ እንደታቀፉ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

ዓርብ ዕለት ክስ አልተጻፈም። ወንዙ ዳር እንጨት ተደርድሮ ቢርጁ ነጭ ለብሶ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ እሳቱን ለወንድሙ ለኮሰ። ኢሲኬሊ ራቅ ብለው ቆመው ነበር፤ በሁለት እጃቸው የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዘዋል፤ የአገሬው ሰው ከባድ ይቅርታ ሲለምን የሚይዘውን። ማንም አልቀረባቸውም። ነበልባሉ ሲረጋ ራምዋንቲ ቢርጁን በዓይናቸው ጠቀሱት፤ ሄዶ ጥርሱን ከእጃቸው ተቀበላቸው።

በሚቀጥለው የመጭመቂያ ወቅት፣ ማካሬታ በዚያ መንገድ ስታልፍ ቢርጁ የሌላኛውን ጎማ ባሌስትራ ይዞ ምድጃ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ አየችው። ብብቱ ሥር የያንጎና ሥር ሸጉጧል። ውስጥ ሽማግሌው ጉጠት ይዘው የሌላ ሰው ብረት እሳት ውስጥ ይጠብቃሉ። ዘወር አላሉም፤ “ቁም እዚያው” ብቻ አሉት። በዚያ አገር እንግዳ ያውም ሥር ይዞ ደጅ ቆሞ አያውቅም። ቢርጁ ፀሐይ ላይ ቆመ። ማካሬታም መኪናዋን አጥፍታ ወርዳ አጠገቡ ቆመች። ብረቱ እንደ ማለዳ ፀሐይ ቀልቶ ወጣ፣ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ጮኸ፤ ሽማግሌውም አገላብጠው ቆዳውን በአውራ ጣታቸው እስኪዳብሱት፣ ከሰሉንም ውሃ አፍስሰው እስኪያጠፉት ድረስ ሁለቱ ጠበቁ።

ከዚያ ኢሲኬሊ እጃቸውን ታጠቡና ገበታውን ከግድግዳው አወረዱ።

“ግቡ እንግዲህ” አሉ።